ሰርቨርና ራክ ከውጭ እስከ ደሴ፦ በአየር፣ በባሕር ወይስ ከፋፍሎ?

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በወሎ ከተሞች የኮምፒውተር ክፍላቸውን እንደ አዲስ ለማደራጀት የሚሯሯጡ ተቋማት ጥቂት አይደሉም። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ «በአየር ይሻላል ወይስ በባሕር?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱን ዋጋ በኪሎ አስልቶ ይመጣል። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ዕቃው ከሻጩ መጋዘን ተነሥቶ ደሴ ላይ ከሚቆምበት ክፍል እስኪገባ ስንት ጊዜ ይነሣል? ስንት ጊዜስ ይወርዳል? አውሮፕላንም መርከብም ሰርቨር ሲሰብር አላየሁም። ሲሰበር ያየሁት በሚጫንበትና በሚወርድበት ቦታ ሁሉ ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ ትእዛዝ እንያዝ። 42 ዩ (ዩ የራክ ቁመት መለኪያ ነው) ቁመት ያለው አንድ ራክ፣ ማለትም ሰርቨር የሚደረደርበት የብረት ቁም ሣጥን፤ አራት ሰርቨሮች፤ መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ 20 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚሆን ዩፒኤስ ከነባትሪዎቹ። መድረሻው ደሴ።

ከዋጋው በፊት ሜትሩን ያውጡ

አንድ ዩ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። የ42 ዩ ራክ ውስጡ ወደ 1.87 ሜትር፣ ውጪው ሁለት ሜትር ገደማ ይሆናል። ከፓሌት ጋር በእንጨት ሳጥን ሲታሸግ 2.20 ሜትር ይደርሳል። ወርዱን 80፣ ጥልቀቱን 120 ሳንቲ ሜትር እንበል። የአየር ጭነት ድርጅቶች ከእውነተኛው ክብደትና ከመጠን ከሚሰላው ክብደት በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ስሌቱ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝተው ለ6,000 ማካፈል ነው፤ ፈጣን መልእክት አድራሾች ደግሞ ለ5,000 ያካፍላሉ። የኛ ሳጥን በመጀመሪያው ስሌት 352 ኪሎ፣ በሁለተኛው 422 ኪሎ ይሆናል። ባዶው ራክ ግን ከነሳጥኑ 200 ኪሎ አይሞላም። ቀሪው የሚከፈለው በውስጡ ላለው ባዶ ቦታ ነው።

ሰርቨር በተቃራኒው ነው። በራሱ ካርቶን 100 በ60 በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 30 ኪሎ የሚመዝን ሰርቨር በመጠንም ሲሰላ ልክ 30 ኪሎ ይወጣዋል። አንድ ሳንቲም ባክኖ አይሄድም። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ራክና ሰርቨርን በአንድ መንገድ ለምን እንደሚልክ ራሱን ይጠይቃል። እኔም ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

በአየር እስከ ቦሌ፣ ከዚያ በመኪና

የአየሩ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሳምንታት ወደ ቀናት ያጥራሉ። ሁለት ወጥመዶች ግን አሉት። አንደኛው ቁመት ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ የሚገባ ጭነት ቁመቱ ከ1.60 ሜትር ብዙም ማለፍ አይችልም። የኛ 2.20 ሜትር ሳጥን ቆሞ የሚገባው በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን የላይኛው ወለል ላይ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያበራቸው የቦይንግ 777 ጭነት አውሮፕላኖች በሩ ሦስት ሜትር ያህል ስለሚከፍት ችግር የለም፤ ነገር ግን ወኪሉ በየትኛው አውሮፕላን እንደሚጭን በጽሑፍ ካላረጋገጠልዎ ሳጥኑን አስተኝቶ ለመጫን የሚፈተን ሰው አይጠፋም።

ሁለተኛው ወጥመድ ባትሪ ነው። ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች ከ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን መጫን ተከልክለዋል። በጭነት አውሮፕላንም ቢሆን የተሞላው ኃይላቸው ከአቅማቸው ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ሕጉ ያዝዛል። የማይፈስሱት የእርሳስ ባትሪዎች ቀለል ያለ ሥርዓት አላቸው፤ ይሁን እንጂ ክብደታቸው በአየር ሲከፈል ያማል። ሻጩ ዩፒኤሱን «ሙሉ ጥቅል» ብሎ ሲሸጥልዎ የባትሪውን ዓይነት ይጠይቁ። ሰነዱ ሳይሟላ የተላከ ባትሪ ትራንዚት አየር ማረፊያ ላይ ታግዶ፣ ከእሱ ጋር የተጻፈውን ጭነት በሙሉ ያስቀራል።

ቦሌ ከደረሰ በኋላ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማበር፣ የደብረ ሲና ቁልቁለት፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ የሐረጎ ዳገት። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ቆላ ይወርድና እንደ ገና ወደ ደጋ ይወጣል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ በአየር የተገዛው ፍጥነት አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሊያልቅ ይችላል። ሁለት ቀን ለማትረፍ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ሁለት ሳምንት ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ አይደል ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለ። የሚያርፉት ግን የአገር ውስጥ በረራ አነስተኛ አውሮፕላኖች ናቸው። ሃርድ ዲስክ፣ የኔትወርክ ስዊች፣ አንድ ሁለት ካርቶን ለማድረስ ጥሩ ነው፤ ለራክ አይታሰብም።

ብዛቱን ስቆጥረው በአየር የመጣ ሳጥን በትንሹ ሰባት ጊዜ ይነሣል፦ ከሻጩ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወኪሉ መጋዘን፣ ወደ አውሮፕላኑ ፓሌት፣ ቦሌ ላይ ከፓሌቱ፣ ለጉምሩክ ፍተሻ፣ ወደ ደሴ መኪና፣ ከመኪናው ወደ መሬት።

ኮንቴይነር እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔ ግን ለትልቅ ትእዛዝ የማስቀድመው ይህን ነው። ሙሉ ኮንቴይነር ሻጩ ዘንድ ተሞልቶ ይታሸጋል። ጅቡቲ ላይ ክሬኑ የሚያነሣው ኮንቴይነሩን እንጂ የእርስዎን ሳጥን አይደለም። በመልቲሞዳል ሥርዓት ከመጣ በአንድ የጭነት ሰነድ ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይገባል። ሳጥኑ የሰው እጅ የሚያርፍበት አራት ጊዜ ነው፤ ሲጫን፣ ኮምቦልቻ ላይ ሲፈተሽ፣ ወደ ትንሽ መኪና ሲዛወር፣ ደሴ ሲወርድ። ከሰባት ወደ አራት መውረዱ ለኔ ከማንኛውም የዋጋ ቅናሽ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሰነድ ጉዳይ አለ። ትእዛዙ ሲሰጥ የመጨረሻው መድረሻ ኮምቦልቻ ተብሎ ይጻፍ። ዝም ከተባለ ብዙ ጊዜ ሞጆ ይጻፋል፤ ዕቃው የወሎን ደጃፍ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርድና እንደ ገና በአዲስ አበባና በጣርማበር በኩል ወደ ላይ ይመለሳል። ከጻፉ በኋላ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ክፍያና ቀን ይበላል፤ ትራንዚተሩም ያጉረመርማል። በዩኒሞዳል ከሆነ ደግሞ የጅቡቲውን ሥራ አስመጪው ራሱ በወኪል ስለሚጨርስ፣ ጅቡቲ ላይ የሚታመን ሰው ለሌለው ተቋም አልመክረውም። አንድ ሰነድ ሲጎድል የወደብ ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል።

የባሕሩ ችግር ጊዜ ነው። ከምሥራቅ እስያ እስከ ጅቡቲ የሚደረገው ጉዞ ብቻ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፤ የወደቡና የጉምሩኩ ቀን ይጨመርበታል። ከአውሮፓ የሚገዛ ሰው ሌላም ሐሳብ አለበት። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በደረሱት ጥቃቶች ምክንያት ትላልቅ የመርከብ ድርጅቶች መርከቦቻቸውን በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲያዞሩ ቆይተዋል፤ ይህ ጉዞውን በአሥር ቀንና ከዚያም በላይ ያስረዝማል። ጅቡቲ የምትገኘው ከባብ ኤል መንደብ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ በኩል ስለሆነ ከቻይና የሚመጣ መርከብ ጠባቡን መተላለፊያ ሳያቋርጥ ይደርሳል። አንድን ሰርቨር ከአውሮፓም ከቻይናም መግዛት የሚቻል ከሆነ ይህ ልዩነት በንጽጽሩ ውስጥ መግባት አለበት።

በሩንም ይለኩ። የ20 ጫማ ኮንቴይነር በር ቁመት 2.28 ሜትር ገደማ ነው። የኛ ሳጥን 2.20 ነው። ፎርክሊፍቱ ሲያነሣው የሚቀረው ስምንት ሳንቲ ሜትር ብቻ! አሽከርካሪው ትንሽ ከፍ ካደረገው የሳጥኑ ራስ ከበሩ ይጋጫል። ወይ የሳጥኑ ቁመት ይጠር፣ ወይ ከፍ ያለው የ40 ጫማ ኮንቴይነር ይመረጥ፤ የዚያኛው በር 2.58 ሜትር ያህል ይከፍታል።

እርጥበትም አለ። ኮንቴይነር በቀን ሲግል በሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ላይ ውኃ ያቋጥርና እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል። እርጥበት የሚመጥጥ ሲሊካ ጄል በበቂ ይጨመር፤ ሰርቨሮቹ ደግሞ አየር በማያስገባ የአሉሚኒየም ከረጢት ይታሸጉ። የእርሳስ ባትሪ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ተቀምጦ ሲቆይ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ በሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። በ25 ዲግሪ ውስጥ ስድስት ወር ያህል ሳይሞላ ሊቀመጥ የሚችል ባትሪ የጅቡቲን በጋ በብረት ሳጥን ውስጥ ካሳለፈ ያ ጊዜ በጣም ያጥራል። ባትሪውን አገር ውስጥ መግዛት የሚቻል ከሆነ ዩፒኤሱ ያለ ባትሪ ይምጣ። ሁለት ድካም ይቀራል።

ግሩፔጅ፣ የርካሹ መንገድ

ኮንቴይነር የማይሞላ ዕቃ ያለው ሰው ከሌሎች ጋር ተጋርቶ እንዲልክ ይመከራል። ለጨርቅ፣ ለጎማ፣ ለማብሰያ ዕቃ መልካም ነው። ለራክ ግን ሁሉንም ነገር ይሰበስባል፦ የማሰባሰቢያ መጋዘን፣ የሌሎች ሰዎች ከባድ ሳጥን ከላይ፣ መድረሻው ላይ የመለያ መጋዘን፣ የጎረቤትዎ ሰነድ ስላልተሟላ የርስዎ ዕቃ አብሮ መቆም። ስቆጥረው ዘጠኝ ጊዜ መነሣት የተለመደ ነው። በዋጋ ከሁሉ ዝቅ ያለ መሆኑን አልክድም። የወሎ ሰው ገበያ ላይ ዋጋ ሲያስቀንስ የሚደሰተው ደስታ እኔም ላይ አለ፤ በሰርቨር ላይ ግን ራሴን እከለክላለሁ።

በሻንጣ ማስመጣትን ደግሞ ለትንሽ ነገር እንኳ አላበረታታም። የደረሰኝ፣ የዋስትናና የጉምሩክ ጣጣው ለተቋም አይሆንም።

ኢንሹራንስ፣ ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርምበት

አየር መንገድ ዕቃ ቢሰብር የሚከፍለው የዕቃውን ዋጋ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት የአጓጓዡ ኃላፊነት በኪሎ የተወሰነ ነው፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። 30 ኪሎ ለሚመዝን ሰርቨር 780 ይሆናል፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር ከአንድ ሺህ ብዙም አይርቅም። የሰርቨሩ ዋጋ ግን የዚያ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የራስ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው።

ኢንሹራንሱም ዓይነት አለው። የጭነት ዋስትና ውሎች ኤ፣ ቢ እና ሲ ተብለው ይታወቃሉ። ሲ የሚባለው መርከብ ሲሰጥም፣ እሳት ሲነሣ፣ መኪና ሲገለበጥ የሚሸፍን ነው፤ ፎርክሊፍት ሳጥንዎን ቢጥለው አይመለከተውም። ለስስ ዕቃ የሚያስፈልገው ኤ ነው። ሻጩ «ሲ አይ ኤፍ ነው፣ ኢንሹራንሱ በእኛ» ሲል መደሰት አያስፈልግም፤ ከ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፍ የንግድ ውል ደንብ በሲ አይ ኤፍ ውል ሻጩ «ሲ»ን ብቻ እንዲገዛ ነው የሚያስገድደው። ሲ አይ ፒ የሚባለው ሌላው የውል ዓይነት ከሆነ ግን «ኤ» ነው። በአንድ ፊደል ልዩነት የዋስትናው ስፋት ይለያያል። በራስዎ ከገዙም «ኤ» ብለው ያስጽፉ። ልብ ይበሉ፣ «ኤ»ም ቢሆን በመጥፎ አስተሻሸግ የመጣን ጉዳት አይከፍልም።

ቀረጥን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ፦ ጉምሩክ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ የጭነቱንና የኢንሹራንሱን ወጪ ደምሮ ነው። ስለዚህ የአየር ጭነት ውድነት ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ አንዴ ለአጓጓዡ፣ አንዴ በቀረጡ ውስጥ።

አሁን የራሴን ጉድ ላውራ። ከዓመታት በፊት ያስመጣነው ራክ ከአዲስ አበባ በመኪና ሲመጣ ከሸራው በላይ ስለሆነ በጎኑ አስተኝተውት ነበር። ደሴ ቧንቧ ውኃ አካባቢ ሲወርድ ማታ ነበር፣ ካፊያም ነበር። ጫኝና አውራጆቹ «አብሽር ጋሼ፣ ስንት አውርደናል» አሉኝ፤ እኔም አበሸርሁ። ሾፌሩ ይቸኩላል፤ ወረቀቱ ላይ ፈረምሁ። ጠዋት ሳየው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው፣ ሲያጋድል የሚቀላው የማዘንበል ምልክት ቀይ ሆኗል፣ የመስታወት በሩ እንደ በቆሎ ቆሎ ረግፏል፣ ማእዘኑ ተጣሟል። ኢንሹራንስ ሰጪው ያለኝ አጭር ነበር፦ «ያለ ምንም አስተያየት በደህና ተረክበዋል።» የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የመጋጨትና የማዘንበል ምልክት ሳላይ፣ ፎቶ ሳላነሣ፣ ቀይ ከሆነም ወረቀቱ ላይ ሳልጽፍ አልፈርምም። ውስጡ ሲከፈት የሚታይ ጉዳት በአየር ለመጣ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይነገራል፤ በባሕር ግን ልማዱ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ዓርብ ማታ ለደረሰ ዕቃ ሰኞ ማለት ነው።

ታዲያ የቱ?

ትእዛዙ አንድ ሁለት ሰርቨር ብቻ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም፤ በራሳቸው ካርቶን፣ ካርቶኑም በፓሌት ላይ ታስሮ፣ በአየር። ዕቃው አራትና አምስት ራክ፣ ብዙ ዩፒኤስ፣ የማቀዝቀዣ ማሽን ከሆነ ኮንቴይነር ሞልቶ ወደ ኮምቦልቻ። ሥራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም እዚያው ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይህ ምርጫ የበለጠ ያምራል፤ የሐረጎ ዳገት እንኳ ይቀራል።

አስቸጋሪው እኛ የያዝነው መካከለኛ ትእዛዝ ነው። ኮንቴይነር አይሞላም፣ ለአየርም ይበዛል። የኔ ፍርድ መክፈል ነው። አራቱ ሰርቨሮች በአየር፣ 120 ኪሎ ብቻ ይከፈልባቸዋል። ራኩ ተፈታትቶ በጠፍጣፋ ካርቶን የሚሸጠው ዓይነት ይሁን፤ ዋጋው ከተቻለ አዲስ አበባ ላይ ይጠየቅ፣ ብረት ከውጭ ማጓጓዝ ብዙም ትርጉም የለውም። ዩፒኤሱ ያለ ባትሪ በባሕር ይምጣ፣ ጊዜ ከሌለ አገር ውስጥ ካለ አቅራቢ ከነዋስትናው ይገዛ። ሻጮች ሰርቨሮቹን ራኩ ውስጥ ገጥመው «ተሰክቶ ብቻ የሚሠራ» ብለው ሲያቀርቡ ያጓጓል። ራክ ቆሞ የሚሸከመው ክብደትና እየተንቀሳቀሰ የሚሸከመው ግን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ሁለተኛው በጣም ያንሳል። ያን ቁጥርና ንዝረት የሚቀንስ ፓሌት በሰነድ ካላቀረበ ሻጭ ጋር አልስማማም።

ሳጥኑን በተመለከተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በሚስማር ሳይሆን በብሎን ይዘጋ። ጉምሩክ መክፈቱ አይቀርም። በሚስማር የተዘጋ ሳጥን በመፈልቀቂያ ይከፈትና ዳግም በደንብ አይዘጋም፤ በብሎን የተዘጋው ግን እንደነበረ ይመለሳል። እንጨቱም በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ በሙቀት የታከመና ማኅተም የተመታበት ይሁን፤ ያለ ማኅተም የመጣ እንጨት በመንገድ ላይ ያሉ አገሮች ሊያግዱት ይችላሉ። ፍተሻው ቀን ትራንዚተርዎን ብቻ አይላኩ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው አብሮ ይቁም፤ የአሉሚኒየሙን ከረጢት «ምንድን ነው?» ብሎ በቢላ የሚቀድ እጅ ፈጣን ነው።

የመጨረሻው ችግር ደሴ ራሷ ናት። ፎርክሊፍት በየሰፈሩ አይገኝም፣ የአይሱዙ ወለል ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እኛ ያገኘነው ዘዴ የከተማዋን ዳገታማነት መጠቀም ነው። መኪናው ወደ ኋላ ተጠግቶ ወለሉ ከአፈሩ ጠርዝ ጋር እኩል የሚሆንበት ቦታ ከጦሳ ግርጌ እስከ ሆጤ ድረስ አይጠፋም። ሁለት ጠንካራ ሳንቃ ተጋድሞ ሳጥኑ በፓሌት ጋሪ እየተገፋ ይወጣል፣ ማንም አይሸከመውም። ቦታውን ግን መኪናው ከመድረሱ በፊት በቀን ብርሃን ሄደው ይምረጡ፤ ከደጁ እስከ ክፍሉ ያለውን በር ሁሉ በሜትር ይለኩ፤ የአውራጆቹንም ዋጋ አስቀድመው ይስማሙ።

ገብቶ ከቆመ በኋላ ሳጥኑ ተዘግቶ ይደር። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ የሌሊት ብርድ የቀዘቀዘ ብረት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሳጥኑ ወዲያው ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል። 24 ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሶኬቱ የሚሰካው።